ዶክተር ጆን ሬይና የበረዶው ቤት

የሰሜን ካናዳን ካርታ ገልጦ የተመለከተ ሰው፣ ኪንግ ዊልያም ከሚባለው ደሴት በስተ ምሥራቅ በሁለት ምድር መካከል የጠበበ ባሕር ያገኛል። ስሙም የሬይ ወሽመጥ ይባላል። ስለ ኮሎምበስና ስለ ማጄላን በክፍል ውስጥ ብዙ ተምረናል፤ ይህ ወሽመጥ በስሙ የተጠራለት ሰው ግን በእንግሊዝና በካናዳ እጅግ የታወቀ ሲሆን በእኛ ዘንድ ብዙ አይወራለትም። ስለዚህ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚወጣበት በዚህ ገጽ ላይ የእርሱን ሕይወት ለመጻፍ መረጥሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ወደ ታሪኩ ሳልገባ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በእኛ ቋንቋ በረዶ የምንለው ብዙ ነገር ነው። በሐምሌ ቆርቆሮውን የሚደበድበውም ጠጠር በረዶ ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም ውሃ በረዶ ነው፤ በስሜን ተራራ ጫፍ አልፎ አልፎ የሚታየውም ነጭ ነገር በረዶ ነው። እኔ ግን ከዚህ በታች በረዶ ስል፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየበነነ የሚወርደውንና ነፋስ እየገፋ የሚከምረውን ማለቴ ነው። ረግቶ እንደ መስተዋት የሚጠነክረውን ግግር እለዋለሁ። ይህ ልዩነት ካልታወቀ የሬይ ሥራ አይገባም።

ጆን ሬይ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1813 ዓ.ም. በስኮትላንድ ሰሜን ባሉት በኦርክኒ ደሴቶች ተወለደ። ደሴቶቹ ዛፍ የማይበዛባቸው፣ ነፋስ የማያርፍባቸው ናቸው። ልጅነቱን ያሳለፈው በጀልባ በመቅዘፍ፣ በማደንና በእግሩ በመዞር ነው። ከዚያ በኤዲንብራ ከተማ ሕክምና ተምሮ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በ1833 ዓ.ም. የሐኪምነት ፈቃድ ተቀበለ። በዚያው ዓመት በካናዳ የአውሬ ቆዳ ይነግድ በነበረው በሐድሰን ቤይ ኩባንያ መርከብ ላይ ሐኪም ሆኖ ተሳፈረ። ሐሳቡ ደርሶ ለመመለስ ነበር። ነገር ግን በመመለሻው ግግሩ የባሕሩን መንገድ ስለ ዘጋባቸው በአንዲት ባዶ ደሴት ላይ ከረሙ። አትክልትና ፍራፍሬ ያጣን ሰው የሚይዘው፣ ድድን የሚያደማውና ጕልበትን የሚያዝለው በሽታ ገባባቸው። ወጣቱ ሐኪም በበረዶ ሥር ተቀብሮ የከረመ የዱር ፍሬ አስለቅሞ ሕመምተኞቹን መገበ። ከዚያ በኋላ አገሩን አልናፈቀም ማለት ይቻላል፤ ሙስ ፋክተሪ በሚባለው የኩባንያው ጣቢያ ዐሥር ዓመት በሐኪምነት ተቀመጠ።

እነዚያን ዐሥር ዓመታት ያሳለፈው በመድኃኒት ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር የሚኖሩት ክሪ የሚባሉት ሕዝቦች በበረዶ ላይ ሳይሰጥሙ የሚሄዱበት ጫማ አላቸው። ጫማው የእንጨት ክብ ሲሆን ውስጡ እንደ ጠፍር አልጋ በቆዳ የተጠለፈ ነው። ሬይ በዚህ ጫማ መሄድን ከእነርሱ ተማረ፤ ጥቂት ቈይቶም ከመምህሮቹ የሚተካከል ሆነ። በአንድ የብርድ ወራት በሁለት ወር ውስጥ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄዷል። ሌሎች የኩባንያው መኰንኖች አገልጋይ እየላኩ የሚያስመጡትን ሥጋ እርሱ ራሱ አድኖ ያመጣ ነበር። እኔ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ የምወደው ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ የተማረ ሐኪም ሲሆን ያልተማሩ ይባሉ ከነበሩት ሰዎች ለመማር አላፈረም።

በ1846 ዓ.ም. ኩባንያው ገና ያልታወቀውን የሰሜን ጠረፍ ዞሮ ካርታ እንዲያነሣ ላከው። ሬይ ዐሥር ሰዎችና ሁለት ጀልባዎች ይዞ ተነሣ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደ ሰሜን ሲዘምት ትልልቅ መርከብ አሰልፎ፣ የብዙ ዓመት ስንቅ ጭኖ ነበር፤ የብርዱንም ወራት በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያሳልፍ ነበር። የሬይ ስንቅ ግን ለዓመት የሚበቃ አልነበረም፤ አድኖና ዓሣ አጥምዶ ሊኖር ቈርጦ ነው የሄደው። ሪፐልስ ቤይ በሚባለው የባሕር ጠረፍ ደርሶ፣ አንድ ዛፍ በሌለበት ምድር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ወርዱ 4 ሜትር ያህል የሆነ የድንጋይ ቤት ሠራ። ስሙንም የተስፋ ምሽግ ብሎ ሰየመው።

ይሁን እንጂ ከተስፋው ብርዱ በለጠ። ማገዶ የለም፤ ለምግብ ማብሰያ የሚነድደው ከበረዶ ሥር ተቈፍሮ የሚወጣ ቍጥቋጦና ሽበት ነው። ድንጋይ ደግሞ ብርድን ይስባል፤ በቤቱ ውስጥ ውሃ ይረጋ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቁ ግን ኢኑይት የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች፣ በድሮ መጻሕፍት ኤስኪሞ የሚባሉት፣ ከነልጆቻቸው በበረዶ ቤት ውስጥ ሞቆአቸው ይኖራሉ። ሬይ ይህን አይቶ ዝም አላለም። ከእነርሱ ዘንድ አሠራሩን ተማረ፤ ሰዎቹንም አስለመዳቸው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ በረዶውን መምረጥ ያስፈልጋል። ትናንት የወረደው እንደ ዱቄት ይበተናል፤ በልዩ ልዩ ማዕበል የተደራረበውም ሲቈርጡት በየንጣፉ ይሰነጠቃል። የሚፈለገው በአንድ ማዕበል ወርዶ፣ ነፋስ ጠቅጥቆት፣ ሲረግጡት ስስ የእግር ምልክት ብቻ የሚቀበል ነው። ባለሙያው ቀጭን ዘንግ እየወጋ ይመረምረዋል፤ ዘንጉ እስከ ታች ሳይደናቀፍ እኩል ከገባ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ ከአጥንት ወይም ከቀንድ በተሠራ ረዥም ቢላዋ በረዶውን እንደ ጡብ ይቈርጠዋል። አንዱ ጡብ ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ክንድ፣ ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። ጡቡ የሚቈረጠው ከዚያው ቤቱ ከሚቆምበት ክብ ውስጥ ስለሆነ፣ ግድግዳው ወደ ላይ ሲያድግ ወለሉ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ በመሆኑ የቤቱ ግማሽ ሳይደክሙበት ተሠርቶ ይገኛል።

የመጀመሪያው ዙር ጡብ ካለቀ በኋላ ጥቂቶቹ በሰያፍ ይከረከማሉ፤ ሁለተኛው ዙር በዚያ ዳገት ይጀምርና ሳይቋረጥ እየዞረ ይወጣል። እናቶቻችን ሰፌድ ሲሰፉ አክርማውን እያዞሩ እንደሚያሳድጉት ያለ ነው፤ ልዩነቱ ሰፌድ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር ሲሰፋ፣ ይህ ከዳር ተነሥቶ ወደ መካከል መጥበቡ ነው። እያንዳንዱ ጡብ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፤ ከጎኑና ከሥሩ ያለው ስለሚደግፈው ግን አይወድቅም። ምሰሶ የለ፣ ማገር የለ፣ ሚስማር የለ። በመጨረሻ በጣሪያው ጫፍ የቀረችው ቀዳዳ በልኳ በተጠረበ አንድ ጡብ ትደፈናለች። ሠሪው በዚህ ጊዜ በውስጥ እንደ ተዘጋ ነው፤ ከታች በር ቈርጦ ይወጣል። ስንጥቁን ሁሉ በለስላሳ በረዶ ይመርጉታል። የለመዱ ሰዎች ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ያህል ይጨርሱታል።

በረዶ እንዴት ያሞቃል ብሎ የሚደነቅ አይጠፋም። በረዶው ራሱ ሙቀት አይሰጥም፤ ነገር ግን በውስጡ ብዙ አየር የታመቀ ስለሆነ እንደ በግ ጠጕር በርኖስ የሰውን ሙቀት ወደ ውጭ አያሳልፍም። ድንጋይና ግግር ይህ ጠባይ የላቸውም። ከዚህም ሌላ የቤቱ መግቢያ ከወለሉ ዝቅ ብሎ እንደ ዋሻ የተቈፈረ፣ መኝታው ደግሞ ከፍ ያለ መደብ ነው። ብርድ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ መግቢያው ይወርዳል፤ ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ መደቡ ይወጣል። በጣሪያው ላይ ትንሽ የአየር መውጫ ይተዋል፤ እርስዋ ከተደፈነች በውስጥ ያሉት ሊታፈኑ ይችላሉና። ከባሕር እንስሳ ስብ በሚወጣ ዘይት የሚነድድ መብራት ሲበራ ግድግዳው ከውስጥ በስሱ ይቀልጥና እንደ ገና ይረጋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ይበልጥ ይጠነክራል። በፊዚክስ መጽሐፋችን ስለ ሙቀት መተላለፍ ከተጻፈው ውስጥ ይህ ቤት ያልተጠቀመበት ጥቂት ነው፤ ኢኑይቶች ግን ያንን መጽሐፍ አላዩም።

ሬይ በድንኳንና በበረዶ ቤት መካከል ያለውን ልዩነት በጉዞው ላይ በሚገባ ተረዳው። ድንኳን ከቦታ ወደ ቦታ መሸከም አለበት። ሌሊት የተኙት ሰዎች እስትንፋስ በሸራውና በብርድ ልብሱ ላይ እየረጋ ስለሚቀር ሸክሙ በየቀኑ ይከብዳል፤ ልብሱም እርጥብ ይሆናል። በበረዶ ቤት ግን የእስትንፋሱን እርጥበት ግድግዳው ይቀበለዋል፤ ልብሱ ደረቅ እንደ ሆነ ይነጋል። ቤቱን ማንም አይሸከመውም፤ በሄዱበት መንገድ ቆሞ ስለሚቈይ ሲመለሱ እንደ ገና ያድሩበታል። በ1851 ዓ.ም. ሬይ በዚህ ዓይነት እየሠራ እያደረ ከሁለት ሰዎች ጋር ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጓዘ። በሰሜን ባደረጋቸው ጉዞዎች ሁሉ ከሰዎቹ የሞተበት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በወንዝ የሰጠመ ነው።

እዚህ ላይ የሌላ ሰው ታሪክ ማስገባት ግድ ሆነብኝ። በ1845 ዓ.ም. ሰር ጆን ፍራንክሊን የተባለ ስመ ጥሩ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን ኤሬበስና ቴረር በሚባሉ ሁለት መርከቦች 129 ሰዎች ይዞ፣ ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ በሰሜን በኩል የሚያሻግረውን የባሕር መንገድ ሊፈልግ ሄደ። መርከቦቹ የቤት ማሞቂያ፣ የሦስት ዓመት የታሸገ ምግብና ከአንድ ሺህ በላይ መጻሕፍት ነበሩባቸው። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። የእንግሊዝ መንግሥት ፈላጊ መርከቦች እየደጋገመ ላከ፤ የጠፉበትን ለሚያስታውቅም 10,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀ። ሚስቱ ሌዲ ጄን ፍራንክሊን ገንዘቧን አፍስሳ፣ ለነገሥታትና ለመሳፍንት ጽፋ፣ ባሏን ያላስፈለገችበት አልነበረም።

ሬይ በ1853 ዓ.ም. እንደ ገና ወደ ሪፐልስ ቤይ የሄደው ግን ፍራንክሊንን ሊፈልግ ሳይሆን የቀረውን የጠረፍ ካርታ ሊጨርስ ነበር። በዚህ ጊዜ የድንጋይ ቤት አላስፈለገውም፤ ከሰባት ሰዎች ጋር የብርዱን ወራት በበረዶ ቤት አሳለፈ። ብርዱ ሳይለቅ በማርች መጨረሻ 1854 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ ተነሣ። ኤፕሪል 21 ቀን በመንገድ ላይ ኢኑክፑዚጁክ የሚባል የኢኑይት ሰው አገኘ። ይህ ሰው በራሱ ላይ የወርቅ ጥልፍ ጥብጣብ አሥሮ ነበር፤ ጥብጣቡም ከመኰንን ባርኔጣ የተወሰደ ነው። ሬይ በአስተርጓሚው በዊልያም ኡሊግባክ አማካይነት ከየት እንዳገኘው ጠየቀው። ነጮች ከሞቱበት ቦታ የመጣ መሆኑን፣ ቦታውም ወደ ምዕራብ የብዙ ቀን መንገድ ርቀት ያለው መሆኑን ነገረው።

ሬይ ጥብጣቡን ገዛው፤ ተመሳሳይ ዕቃ ያለው ሁሉ ወደ ሪፐልስ ቤይ እንዲያመጣለትም ለመነ። ከዚያ ጉዞውን ቀጥሎ ኪንግ ዊልያም ደሴት እንጂ ከየብሱ ጋር የተያያዘ ምድር አለመሆኑን አረጋገጠ፤ የዛሬው የሬይ ወሽመጥ የተገኘው ያን ጊዜ ነው። በተመለሰ ጊዜ ኢኑይቶች የብር ማንኪያና ሹካ፣ ስመ ፍራንክሊን የተቀረጸበት ትንሽ የብር ሳሕን፣ የራሱንም የፍራንክሊንን ኒሻን አመጡለት። ሬይ አንዱን ለብቻው፣ ሌላውንም ለብቻው እየጠየቀ ቃላቸውን አመሳከረ። የሰማው ይህ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርባ የሚያህሉ ነጮች ጀልባ እየጎተቱ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ታይተው ነበር፤ ከስተው ነበር፤ በኋላም በአንድ ትልቅ ወንዝ አጠገብ ሬሳቸው ተገኘ። በሬሳዎቹና በድስቶቻቸው ውስጥ ከታየው ነገር የተነሣ፣ የመጨረሻዎቹ በረኃብ ተገደው የሞቱ ጓዶቻቸውን ሥጋ እንደ በሉ ይታወቅ ነበር።

አንድ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ያደርጋል? ከዕቃው ጋር ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መዋጥ ይቻል ነበር። ሬይ ግን ያየውንም የሰማውንም ሳይቀንስ ለባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ጻፈ። ወደ ሎንዶን ፈጥኖ የመጣውም ሌሎች ፈላጊዎች በማይሆን ቦታ ሕይወታቸውን እንዳያጠፉ ብሎ እንደ ሆነ ገለጸ። መሥሪያ ቤቱ ጽሑፉን ለጋዜጣ ሰጠውና ኦክቶበር 23 ቀን 1854 ዓ.ም. ሕዝቡ ሁሉ አነበበው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሬይ ሰላም አላገኘም። ሌዲ ፍራንክሊን ወሬውን እንደ ስድብ ቈጠረችው። ስመ ጥሩው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ፣ የእንግሊዝ መርከበኞች እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋሉ ተብሎ ሊታመን እንደማይገባው፣ ይልቁንም ኢኑይቶች ራሳቸው ገድለዋቸው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ማስረጃ ግን አልነበረውም፤ ወደ ሰሜንም ሄዶ አያውቅም። የዲከንስን ልብ ወለዶች የምንወድ ብዙ ነን፤ በዚህ ነገር ግን ብዕሩ ፍርድ አጓድሏል እላለሁ። ለሬይ በዚያው መጽሔት መልስ የሚሰጥበት ቦታ መፍቀዱን ግን ሳልናገር አላልፍም። ሬይም በመልሱ ስለ ራሱ ከመከራከር ይልቅ ስለ ኢኑይቶች እውነተኛነት ተከራከረ፤ ለዓመታት አብሯቸው ኖሮ የሚያውቃቸው እርሱ ነበርና። ሰዎቹ መጻፍ ስለማያውቁ ቃላቸው አይታመንም የሚለውን ሐሳብ እኔ ልቀበለው አልችልም። የአያቶቻችንን ታሪክ ከአፍ የሰማን ሁላችን እንደማንቀበለው አምናለሁ።

የሽልማቱ ገንዘብ በ1856 ዓ.ም. ለሬይና ለሰዎቹ ተከፈለ። ክብሩ ግን ቀረ። በ1859 ዓ.ም. ሌዲ ፍራንክሊን የላከችው ማክሊንቶክ የተባለ መኰንን የመራው ቡድን በኪንግ ዊልያም ደሴት ላይ በድንጋይ ክምር ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት አገኘ። ፍራንክሊን ጁን 11 ቀን 1847 ዓ.ም. እንደ ሞተ፣ የቀሩት 105 ሰዎችም በኤፕሪል 1848 ዓ.ም. መርከቦቹን ጥለው ወደ ደቡብ እንደ ተነሡ የሚናገር ነው። ኢኑይቶች ለሬይ ያመለከቱት ቦታ ትክክል ነበር። ይኸው ቡድን በመንኰራኵር አልባ ጋሪ ላይ የተጫነ ጀልባም አገኘ፤ ጋሪውና ጀልባው ብቻ 600 ኪሎ ግራም ያልፋሉ። በላዩ ሁለት አፅሞች፣ የሐር መሐረብ፣ ሳሙና፣ መጻሕፍትና የብር ማንኪያ ነበሩ። የተራቡ ሰዎች ይህን ሁሉ ሲጎትቱ ከእግራቸው በታች ያለው በረዶ ቤት ሊሆናቸው እንደሚችል ያስተማራቸው አልነበረም። ማክሊንቶክ የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው፤ ሬይ ግን እስኪሞት ድረስ አልተሰጠውም።

ሬይ ከዚያ በኋላም አልተቀመጠም። በ1860 ዓ.ም. በቶሮንቶ ኬት ቶምፕሰን የምትባል ሴት አገባ። ለቴሌግራፍ መስመር በአይስላንድ፣ በግሪንላንድና በካናዳ ምድር መንገድ መረመረ። ወሽመጡም ያለ ሥራ አልቀረም፤ ከ1903 እስከ 1906 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን የሰሜኑን የባሕር መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ ሲያልፍ በሬይ ወሽመጥ በኩል ሄዷል። አሙንድሰንም በዚያው አካባቢ ሁለት የብርድ ወራት ተቀምጦ የበረዶ ቤት አሠራርን ከኢኑይቶች ተምሯል።

የመርከበኞቹ ነገር ግን ገና አላለቀም ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሳይንቲስቶች በኪንግ ዊልያም ደሴት ከተገኘ 400 ገደማ የሰው አጥንት በ92ቱ ላይ የቢላዋ ምልክት እንዳገኙ አስታወቁ። ኤሬበስ በ2014 ዓ.ም.፣ ቴረርም በ2016 ዓ.ም. ከባሕር በታች ተገኙ፤ ለሁለቱም መገኘት የኢኑይቶች ቃል ረድቷል። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የቢላዋ ምልክት ካለባቸው አጥንቶች አንዱ የኤሬበስ አዛዥ የጄምስ ፊትዝጄምስ መንጋጋ መሆኑ በዘር ምርመራ ታወቀ። ኢኑክፑዚጁክና ወገኖቹ የተናገሩት ከ170 ዓመት በኋላ በስምና በማዕርግ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ጆን ሬይ ጁላይ 22 ቀን 1893 ዓ.ም. በሎንዶን ሞተ። ሬሳው ወደ ትውልድ ደሴቶቹ ተወስዶ በኦርክኒ ከተማ በኪርክዎል፣ በቅዱስ ማግነስ ካቴድራል ግቢ ተቀበረ። በሎንዶን በዌስትሚኒስተር አቢይ በስሙ የተቀረጸ ድንጋይ የተቀመጠለት በ2014 ዓ.ም. ነው፤ የፍራንክሊን መታሰቢያ በዚያው ቦታ ከቆመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በኪርክዎሉ ካቴድራል ውስጥ ግን ቀድሞ የተሠራለት ሐውልት አለ። ሌሎች አሳሾች በሐውልታቸው ላይ ቆመው ሩቅ ይመለከታሉ፤ ሬይ ግን የሰሜን ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ጠመንጃውንና መጽሐፉን ከጎኑ አድርጎ፣ በመሬት ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሆኖ ተቀርጿል።